ዋልያን በማልያ ብቻ ለምናውቅ ጎንደሬዎች

ጎበዝ፣ ዛሬ ተቆጥቼ ነው የምጽፈው። ራሴንም ጨምሬ ነው የምቆጣው፤ ስለዚህ "ይሄ ደግሞ ማን ነው?" ሳትሉ ስሙኝ።

ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር አድጌ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በ34 ዓመቴ ነው። የፓርኩ መግቢያ ደባርቅ እኮ ከዚህ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው! ልጅ ሆኜ ፒያሳ ላይ ትልልቅ ቦርሳ ያዘሉ ፈረንጆች ሲያልፉ "የት ነው የሚሄዱት?" ብዬ ስጠይቅ "ዋልያ ሊያዩ" ይሉኝ ነበር። እናም ዋልያ የፈረንጅ ጉዳይ መስሎኝ አደግሁ። በኋላ ጓደኞቼን ብጠይቅ አብዛኞቹ እንደኔው ናቸው። ከእነሱ መሀል ለብሔራዊ ቡድኑ "ዋልያዎቹ" እያሉ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ የሚጮኹ፣ ማልያውን ገዝተው የሚለብሱ አሉ። እንስሳው ግን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ኢትዮጵያ ውስጥም ያለው እዚሁ እኛ ጓሮ ነው። የቀረውም በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ነው።

ኪሱ የማይፈቅድለትን ሰው አልወቅስም። የምወቅሰው ለአንድ የምርቃት ድግስ በሬ ጥሎ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ቪዲዮ ቀራጭ ቀጥሮ፣ ልጆቹን አንድ ቀን ደባርቅ ድረስ መውሰድ "ብር ማባከን ነው" የሚለውን ነው። እንደዚህ ያልን ብዙ ነን።

የሄድነውስ ምን አደረግን? እሱ ይብሳል።

ኅዳር 2012 ዓ.ም. ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተሰባስበን ወጣን። ጨነቅ የሚባለው የፓርኩ ማደሪያ ላይ አደርን። ቦታው ከ3,500 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ከመካከላችን አንዱ ትልቅ ስፒከር ይዞ መጥቶ ነበር። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ከፈትነው። የመኪናውንም መብራት አበራን። ተጨፈረ፣ ተጮኸ። አብሮን የነበረው ስካውት (የፓርኩ ጥበቃ)፣ ጋቢ የደረበ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ ያጋደመ አዛውንት ነው፤ ብዙ ሰዓት ዝም ብሎ አየን። ኋላ ተነሥቶ መጣና "ልጆቼ፣ እዚህ ገደል ላይ የተኛ ፍጥረት አለ። እናንተ ነገ ትሄዳላችሁ" አለን። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ዘጋነው። መብራቱንም አጠፋነው። መጀመሪያ ምንም አልታየንም፤ ዓይን ጨለማውን በደንብ እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ከዚያ ሰማዩ ቀስ እያለ መጣ። ጨረቃ አልነበረችም። ኮከቡ ከመብዛቱ የተነሣ ባዶ ቦታ መፈለግ ነው የሚያቅተው። ፍኖተ ሐሊብ የሚባለው ያ ነጭ መንገድ ከአንዱ ተራራ ትከሻ ወደ ሌላው እንደ ነጠላ ተዘርግቷል። እየቆየን ስንሄድ አንዲት ባልደረባችን ማልቀስ ጀመረች፤ "ምን ሆንሽ?" ያላትም የለም። ሁላችንም ገብቶናል። እኔ በውስጤ የነበረው ግን ንዴት ነው፦ ይህ ሁሉ በየሌሊቱ ከራሴ በላይ እያለ ማን ነው የደበቀብኝ?

የደበቅነው እኛው ነን። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጎንደር ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 13 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ ነው የምትታየን። አውሮፓ ያለ ሰው ከዚህ በጣም ከፍ አድርጎ ነው የሚያያት። በምትኩ እኛ እሱ ከቶ የማያየውን የደቡብ ሰማይ እናያለን። ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ማታ ሦስትና አራት ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ዙሩ፤ የደቡብ መስቀል የሚባሉት አራት ኮከቦች ዝቅ ብለው ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። የሰሜን ኮከብንና የደቡብ መስቀልን በአንድ ሌሊት፣ ከአንድ ደጃፍ! ኅዳር ላይ ደግሞ በምሽቱ ሰማይ ከፍ ብላ አንድሮሜዳ የምትባል ሌላ ጋላክሲ፣ የራሷ የከዋክብት ጭፍራ ያላት፣ አለች። በባዶ ዓይን እንደ ጭስ ቅሪት ናት፤ ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ተጉዟል። ግሪኮች በጥንት ተረታቸው አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ያደርጓታል። እነሱ ኢትዮጵያ የሚሉት የዛሬውን ድንበራችንን አይደለም፣ እሱን አውቃለሁ። ቢሆንም ስማችን እዚያ ላይ ተጽፎ እኛ ቀና ብለን አለማየታችን ያንገበግበኛል።

ይህ ደግሞ ጎንደር ነው። የሰማይ ነገር ለዚህ ከተማ ባዳ አይደለም። የአብነት ተማሪዎቻችን ባሕረ ሐሳብ የሚማሩበት፣ የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት በ11 ቀን እንደሚበልጥ አበቅቴ ብለው ቀምረው በዓል የሚያወጡበት ከተማ ነው። የእነዚያ ሊቃውንት ልጆች ነን ዛሬ ጨረቃ ሙሉ ትሁን ጎደሎ የማናውቀው።

ከቤቴ ፊት ለፊት ያለ አንድ ሕንፃ ፓውዛውን ወደ ላይ አዙሮ ሌሊቱን ሙሉ ያበራል። ሌባ ከሰማይ አይመጣም። መብራት ጠፋ ብለን ስናማርር እንውላለን፣ ሲመጣልን ደግሞ ደመና ላይ እናፈሰዋለን። የሕንፃ ባለቤቶች፣ ለምኛችኋለሁ፦ ፓውዛውን ወደ መሬት አዙሩት፣ ከላይ ክዳን አድርጉለት፣ ሰው በማይኖርበት ሰዓት አጥፉት። ቆጣሪያችሁም ያመሰግናችኋል።

ወደ ፓርኩ ልመለስ። ጭላዳን ዳቦና ብስኩት የምትወረውሩለት ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። ጭላዳ ከጦጣና ከዝንጀሮ ወገን ሣር ግጦ የሚኖር ብቸኛው ነው። ማታ ገደል ላይ ያድራል፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ሜዳው ላይ ተቀምጦ በጣቱ ሣሩን እየነጨ ይበላል። እናንተ ለአንድ ፎቶ ብላችሁ ዳቦ ስታስለምዱት ግን ሰው መከተል፣ ቦርሳ መንጠቅ፣ መንገድ ላይ መዋል ይጀምራል። ከዚያ መኪና ይገጨዋል፣ ወይም "አስቸገረ" ተብሎ በድንጋይ ይባረራል። ጥፋቱ የማን ነው?

ውሻ አስከትሎ የሚወጣም አይቻለሁ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ አዋቂዎቹ ቢቆጠሩ 500 ያህል ቢሆኑ ነው፤ እነሱን በአንድ ጊዜ ሊጨርስ የሚችለው ደግሞ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባሌ ላይ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ውሻህን ቤት ተወው። አስከትበውም።

የሀይላንዱን ነገር ለመናገር እንኳ እታክታለሁ። ፌስታልና ባዶ ሀይላንድ በየአስታው ዛፍ ሥር ተወትፎ አይቻለሁ። ፓርኩ ውስጥ ግጭ በሚባል መንደር ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ለዚህ ፓርክ ሲባል ተወልደው ያደጉበትን ቀዬ ለቀው ደባርቅ ገብተዋል። እነሱ ቤታቸውን ትተው ሄዱ፤ እኛ ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጥተን ባዶውን ቦርሳችን ውስጥ መልሰን መክተት አቃተን። ይህን ሳስብ ፊቴ ይቀላል።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ነበር፤ የምንኮራበት የፋሲል ግንብ እንኳ ዓመት ቆይቶ ነው የተከተለው። የዋልያው ቁጥር ሲያሽቆለቁል፣ እርሻውና ግጦሹ ሲገፋ፣ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ ለመውጣት እስከ 2009 ዓ.ም. ፈጅቷል። ሃያ ዓመት! ስንቶቻችን ሰማን?

እሳቱንማ ሰምተናል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሲነድ ሁላችንም አለቀስን። የአካባቢው ወጣት ቅጠል ቆርጦ፣ አፈር በትኖ ከእሳቱ ጋር ታገለ፤ ከእስራኤል ድረስ ባለሙያ መጣ። ያን ጊዜ ያሳየነውን ፍቅር አልረሳውም፣ እውነተኛ ነበር። ግን እሳቱ ሲጠፋ ፍቅሩም አብሮ ጠፋ። ለዋልያ የምንደነግጠው ሲቃጠል ብቻ ከሆነ ነገሩ ዘመድን ለቅሶ ላይ ብቻ እንደመጠየቅ ነው። በሕይወት እያለ ማን ይጠይቀው?

እንዲህ ስል አንዳንዶቻችሁ አላጢሽንም ታስታውሱኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ቋራ በኩል፣ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ተዋስኖ ያለ የእኛው ፓርክ ነው። በ2008 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ካሜራ ሰቅለው አንበሳ እንዳለበት ሲያረጋግጡ ዓለም ጉድ አለ። የአካባቢው ገበሬ ግን አንበሳ እንዳለ ድሮም ይናገር ነበር። እኛ ከተማ ያለነው አልሰማነውም።

አሁን ጊዜው ከባድ ነው፣ መንገዱም እንደልብ አይደለም፤ እሱን እኔም እናንተም እናውቃለን። "ዛሬውኑ ተነሡና ደባርቅ ውጡ" አልልም። ሰላም ሲሆን ግን ሰበብ አይኖረንም፤ ከዚያ በፊት የዱር ሥጋ አምጥቶ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ቢኖር በሩን ዝጉበት፣ ለሚመለከተውም ተናገሩ።

ሰማዩ ደግሞ መንገድ አይጠይቅም። ማታ መብራት ሲጠፋ እየተነጫነጫችሁ ሻማ ፍለጋ አትሩጡ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ልጆቹን ጋቢ አልብሳችሁ ወደ ደጅ አውጧቸው፣ ግማሽ ሰዓት ታገሡ። አያት ካሉ እሳቸውንም ጥሩ፤ አጥቢያ ኮከብን በየት በኩል ይጠብቋት እንደነበር ያውቃሉ።