ማስተካከያ፦ የሌጎ ጡብ እና 1949

ስለ ሌጎ፣ ማለትም ልጆች እየገጣጠሙ ስለሚጫወቱበት የፕላስቲክ ጡብ፣ «ዴንማርካዊው አናጺ ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የሌጎን ጡብ በ1949 ፈለሰፈ፤ የዚያን ጊዜው ጡብ ዛሬም ከአዲሱ ጋር ይገጥማል» የሚል ጽሑፍ በስፋት ሲጋራ ሰንብቷል። ሁለቱም ነጥቦች ስህተት አለባቸው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ1949 ለገበያ የቀረበው ጡብ መነሻው እንግሊዛዊው ሂላሪ ፊሸር ፔጅ ኪዲክራፍት በተባለው ድርጅቱ አስቀድሞ የሠራው ጡብ ነበር። ይህን የሌጎ ኩባንያ ራሱ በታሪኩ ውስጥ አስፍሮታል። ያ ጡብ ውስጡ ባዶ ስለነበር ጠበቅ ብሎ አይያያዝም።

ዛሬ የምናውቀው አያያዝ የመጣው የኦሌ ልጅ ጎትፍሬድ ጃንዋሪ 28 ቀን 1958 በዴንማርክ ባስገባው የፓተንት ማመልከቻ ነው። ለውጡ ሲያዩት ቀላል ነው፤ በጡቡ ሆድ ውስጥ ቱቦዎች ተጨመሩ። በታችኛው ጡብ አናት ላይ ያሉት ጉብታዎች በቱቦዎቹና በግድግዳው መካከል ተጣብቀው ይገባሉ። ትንሽ ልጅ ያለ ችግር ይነቅለዋል፣ በራሱ ግን አይላቀቅም። አሻንጉሊቱን ይህን ያህል ዘመን ያቆየው፣ በእኔ እይታ፣ ከቀለሙና ከማስታወቂያው ይልቅ ይኸው ነው። ባለ ስምንት ጉብታ የሆኑ ስድስት አንድ ዓይነት ጡቦች ከ915 ሚሊዮን በላይ በሆኑ መንገዶች ይገጣጠማሉ የሚለው የጽሑፉ ክፍል ግን ትክክል ነው።

ስለዚህ «ይገጥማል» የሚባለው ከ1958 ወዲህ ላሉት ጡቦች ነው። በዚያ ላይ ከ1963 በፊት የተሠሩበት ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት ሊጣመም ይችላል። አሮጌ ጡብ ለመግዛት ያሰበ ሰው ባለ ስምንት ጉብታውን ገልብጦ ይመልከት፤ ቱቦ ከሌለው የቀድሞው ንድፍ ነው።