ሞተህ ጠብቀን

እንግሊዞችን እስቲ ዛሬ እናመስግን። ሰው ማክበር ያውቁበታል። ትንሽ ይዘገያሉ እንጂ።

የሒሳብ ሊቁን አለን ቱሪንግን እንይ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ምስጢር ፈቺዎች በተሰበሰቡበት ብሌችሊ ፓርክ ቁጭ ብሎ፣ ጀርመኖች ኢኒግማ በሚባል የምስጢር መጻፊያ ማሽን የሚላላኩትን ምስጢር ከፈቱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነበር። ያ ሥራ ባይኖር፣ ለእንግሊዝ ስንቅ ከሚያመጡት መርከቦች ስንቱ ባሕር ውስጥ በቀረ ነበር። ኮምፒውተር የሚባል ዕቃ ሳይኖር ደግሞ፣ በፈረንጆቹ 1936፣ ማሽን አስልቶ ሊደርስበት የሚችለውንና የማይችለውን በሒሳብ አሳይቷል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይመሰገናል? በ1952 ቤቱ ተዘረፈና ለፖሊስ አመለከተ። ጉዳዩ ሲጣራ ከወንድ ጋር ግንኙነት እንዳለው ተናገረ። በቃ፣ ተዘራፊው ተከሳሽ ሆኖ አረፈው። ግን አልጨከኑበትም፤ ምርጫ ሰጡት። ወይ እስር፣ ወይ የወሲብ ፍላጎቱን የሚገድል የሴት ሆርሞን። ዴሞክራሲ ነዋ! ሆርሞኑን መረጠ። የመንግሥት ምስጢር እንዳይነካም ተከለከለ፤ የጠላትን ምስጢር የፈታላቸውን ሰው ማለቴ ነው። በ1954፣ በ41 ዓመቱ፣ በሳያናይድ ተመርዞ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ራሱን አጠፋ ተባለ፤ ፋይሉ ተዘጋ።

የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ።

ከዚህ በኋላ ነው ክብሩ የሚጀምረው። በ2009 ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ይቅርታ ጠየቁ። ምሕረት ይደረግለት ሲባል፣ መንግሥት በ2012 እምቢ አለ፤ በጊዜው ሕግ በትክክል ነው የተፈረደበት ብሎ። ሰውዬው እንዳይቀብጥ ይሆናል። በ2013 የገና ዋዜማ ንግሥቲቱ ማሩት። አዎ፣ እሱን ማሩት! የበደለው እሱ ነበር ለካ።

ከዚያ እንግሊዝ ባንክ ለ50 ፓውንድ ኖት ሳይንቲስት ጠቁሙ አለ። 989 ስም ለውድድር በቃ። አንዱ መስፈርት መሞት ነው። በቁም ገንዘብ ላይ መውጣት ያኔ ለንግሥቲቱ ብቻ የተፈቀደ ነበር። ቱሪንግ ይህን መስፈርት አሟልቶ ከተቀመጠ ቆይቷል፤ የመንግሥት እገዛም ነበረበት።

ኖቱ በልደቱ ቀን፣ ጁን 23፣ 2021 ወጣ። ከሞተ 67 ዓመት መሆኑ ነው። ማማሩን ማማር ነው። የልደቱ ቀን ሳይቀር በ0 እና በ1 ብቻ ተጽፎበታል፤ 25 አኃዝ፣ እንደ ቴፕ ተጥመልምሎ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በ1952 ቢኖር ኖሮ... ተውት፣ ምስጋና ላይ ነን።

ከሁሉ የወደድኩት ግን በስሙ የሚጠራው የ2017 ሕግ ነው። እንደ እሱ የተፈረደባቸው ሙታን ምሕረታቸውን ያለ ማመልከቻ አገኙ። በሕይወት ያሉትስ? እነሱ ፎርም ሞልተው ያመልክቱ። ሟች እንደሆነ ፎርም አይሞላም።

ለመሆኑ ያንን ኖት አይታችሁታል? ባለፈው ለንደን ውስጥ አንድ ሱቅ ገብቼ ወተትና ዳቦ ያዝኩና 50 ፓውንዱን ዘረጋሁ። ልጅቷ ቱሪንግን ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። በጣቷ ከሒሳብ መቀበያው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየችኝ። «ባለ 50 አንቀበልም» ይላል። ቱሪንግን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና በካርድ ከፈልኩ።