የሞረዱት ዝገቱን አይደለም

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በተደረገ አንድ ውይይት ላይ፣ የጥንት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ማይክ ይዞ የተናገረው ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። የአርበኛ ልጆች በየቤታቸው ያለውን ጩቤና ጎራዴ አውጥተው ያሳድሱ አለ። ሲታደስ ያምራል፣ ሲያምር ዋጋው ይጨምራል። ማስረጃው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ፋሲል ግንብም እኮ ይታደሳል!» አዳራሹም አጨበጨበ።

እሺ፣ ከግንቡ እንጀምር። ግንብ የሚጠገነው እንዳይፈርስ ነው። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጩቤ ምን ሆኖ ይፈርሳል? ይህን ክርክር ከጎንደር ሰው አፍ መስማት ደግሞ ያማል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ግንባችንን ሲጠግን ሲሚንቶ ለጠፈበት። በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ያንን ሲሚንቶ እያነሱ በኖራ ለመተካት ስንት ደከሙ። ግንቡ ቢጠየቅ ያለቦታው የገባ ጥገና ምን እንደሚያደርግ ነው የሚነግረን። ሰውየው የጠራው ምስክር በራሱ ላይ መሰከረበት።

ጎንደር ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ በመጨረሻ እጁን የሰጠባት ከተማ ናት፤ ኅዳር 18 ቀን 1934። የጥቁር ሸሚዝ ለባሾች፣ ማለት የሙሶሊኒ ፋሽስት ታጣቂዎች፣ ጩቤ ዛሬም እዚህም እዚያም ከሳጥን የሚወጣው ለዚህ ነው። አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ። የጎረቤቴ የእማማ ነው። አባታቸው ጎንደርን ለማስለቀቅ በተደረገው የቁልቋል በር ውጊያ ላይ የማረኩት ነው። የእጀታው እንጨት ተሰንጥቆ ስለነበር አባትየው በበሬ ጠፍር ጠምጥመው አሰሩት። ጠፍሩ ከላብ ብዛት ጠቁሮ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ጠጋ ብሎ ላየው የአውራ ጣታቸው ቦታ ጎድጎድ ብሎ ይታያል።

ያ ጠፍር ጥገና ነው። ጩቤው ሥራ ላይ እያለ፣ የያዘው ሰው ለራሱ እጅ ብሎ የሠራው ጥገና። ጩቤውን ከፋብሪካ ከወጡት ብዙ መንትዮቹ የለየው እሱ ነው። ያለ ጠፍሩ የጣሊያን ወታደር ጩቤ ነው። ከነጠፍሩ የአርበኛ ጩቤ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፣ ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው። ጥገናውን ማን ሠራው፣ መቼ ሠራው፣ ለምን ሠራው? ለመዋጋት የተጠገነ መሣሪያ ታሪክ ይጨምራል። ለመሸጥ የተጠገነ መሣሪያ ታሪክ ይቀንሳል። ለመሸጥ ጠግኖ ያልተነካ ነው የሚል ደግሞ አጭበርባሪ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

የእማማ የልጅ ልጅ ሰውየውን ሰምቶ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ጩቤውን ጋራዥ ወሰደው። ግራይንደር ገባበት፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። የፕላስቲክ እጀታ ተገጠመለት። አፎቱ ጥቁር ቀለም ተረጨ። ሲመለስ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ዓይን እኩላለሁ ብሎ ማጥፋት ማለት ይህ ነው።

የሚሰበስብ ሰው እንዲህ ያለውን ሲያነሳ ማብረቅረቁን አይደለም የሚያየው። የፋብሪካው ማኅተም አለ ወይ? ጠርዙ በሞረድ ተበልቶ ዶልዱሟል ወይ? ስለቱና አፎቱ አብረው ያረጁ ናቸው ወይ? ብረቱ ላይ ዕድሜ ያመጣው ጥቁር ሽፋን ካለ ደስ ይለዋል። የተሞረደ ካየ ዋጋውን ይጥላል ወይም ጩቤውን መልሶ አስቀምጦ ይሄዳል። ጎራዴ ላይ ደግሞ ይብሳል። በምኒልክ ዘመን ከጀርመኗ ዞሊንገን የመጡ ስለቶች ላይ ያለው የአንበሳ ሥዕል በአሲድ የተነቀሰ ነው፣ ጥልቀት የለውም። ጥቂት ፍተጋ ይበቃዋል። የተላጠ ብረት ተመልሶ አይበቅልም።

«ታዲያ ዝገት ይብላው?» ይሉኛል። አይብላው። ቀዩን ዝገት ለስላሳ ጨርቅና ትንሽ የማሽን ዘይት ያስቆመዋል። ስለቱን ከቆዳ አፎቱ አውጥቶ ለየብቻ ማስቀመጥ ነው፤ ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ ቆዳውን ለማልፋት የገባበትም ነገር ብረት ይበላል። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ካለ የባለሙያ ሥራ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ቅድመ ፈቃድ እንዳይጠገን ይላል። ማይክ የያዘው ሰው ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ቅዳሜ ዕለት እማማ ዘንድ ቡና ልጠጣ ገባሁ። ጩቤውን በነጠላቸው ይዘው አገላበጡት። አውራ ጣታቸውን ፕላስቲኩ ላይ አሳርፈው ቆዩ፣ ጎድጓዳውን እየፈለጉ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ።

«ጠፍሩንስ የት አደረግኸው ልጄ?»

ጋራዡ ቆሻሻ ውስጥ ነበር የጣሉት። እሱም ማክሰኞ ተጠርጓል።