«ጸልዪልኝ» ማለት ማምለክ አይደለም

ወንድሜ፣ ስለ እኛ ስለ ካቶሊኮች የጻፍከው ጽሑፍ «መካከለኛው አንድ ክርስቶስ ሆኖ ሳለ ካቶሊኮች ማርያምን ያመልካሉ» ይላል። መካከለኛው አንድ ነው የሚለውን 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5ን እኛም ከልባችን እናምናለን። ግን እዚያው ቁጥር 1ን አንብበው። ጳውሎስ ስለ ሰዎች ሁሉ ምልጃ እንዲደረግ ይመክራል። ምልጃችን የክርስቶስን ቦታ የሚነጥቅ ቢሆን እንዲህ ባላለ ነበር።

እዚህ ደሴ እናቴ አልጋ ላይ የዋለች ጊዜ ፕሮቴስታንት ጎረቤታችን ማታ ማታ ትመጣ ነበር። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ትገባለች። የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ትጸልያለች። ስትወጣ እናቴ «እህቴ፣ በጸሎትሽ አትርሺኝ» ትላታለች። አመለከቻት ያለ ሰው የለም። ታዲያ ይህንኑ የጌታን እናት ብንለምን ምኑ ነው ጥፋቱ?

«የሞተ አይሰማም» ለሚለው፣ ጌታ ራሱ እግዚአብሔር የሕያዋን አምላክ ነው ብሏል (ማርቆስ 12፥27)። በራእይ 5፥8ም በሰማይ ያሉት ሽማግሌዎች የቅዱሳንን ጸሎት እንደ ዕጣን ይዘው ይታያሉ። ስግደትንም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን በ787 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የኒቅያ የጳጳሳት ጉባኤ ለይታዋለች፤ አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ፣ ለቅዱሳን ግን ክብር።

ለካህን ስለሚደረግ ኑዛዜ ላነሳኸው ዮሐንስ 20፥23ን ተመልከት። ኃጢአትን ይቅር የማለት ስልጣኑን ለሐዋርያት የሰጠው ጌታ ነው።