ቁጥሩ ገጠመ ማለት ኤስኤስ ነው ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ ስለ አሜሪካው መኪና ስለ ሼቭሮሌት ሼቬል፣ «የ1970 ሼቬል የሞተር ቁጥሩ ከሻንሲው ጋር ከገጠመ እውነተኛ ኤስኤስ (ሱፐር ስፖርት፣ ጉልበተኛው የስፖርት ዓይነት) ነው» ያልከውን ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ስህተት ነው። ቁጥሩ ቢገጥም የሚያሳየው ሞተሩ የዚያው መኪና መሆኑን ብቻ ነው፤ ያውም ካልተጭበረበረ።

በዚያ ዓመት ኤስኤስ ራሱን የቻለ ሞዴል አልነበረም፤ ማሊቡ በሚባለው የሼቬል ሞዴል ላይ ተጨምሮ የሚታዘዝ ፓኬጅ ነበር። ሻንሲው በ13637 ከጀመረ ባለ ስምንት ሲሊንደር ማሊቡ ኩፔ ነው፣ በቃ። ባለ 307 ኪዩቢክ ኢንች ሞተሩ ተራ መኪናም ሆነ 450 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ 454 በዚሁ ነው የሚጀምሩት። አምራቹ ጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) የሞተሩን ዓይነት ሻንሲ ቁጥር ውስጥ ያስገባው ከ1972 ሞዴሎች ጀምሮ ነው።

አጭበርባሪው የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ተራ ማሊቡ ገዝቶ የኤስኤስ ኮፈንና ባጅ ይገጥምበታል፣ ከሌላ መኪና የወጣ ትልቅ ሞተር ያስገባል፣ የድሮውን ቁጥር ሞርዶ አዲስ ይመታል። ቁጥሩ የሚመታው ሞተሩ ብሎክ ላይ፣ በተሳፋሪው በኩል ካለው ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ፊት ለፊት ነው። እዚያ ፋብሪካው ብረቱን ሲልግ የተዋቸው ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ከጠፉ ጠርጥር። ብቻ አትፍረድ፤ ሐቀኛ መካኒክም ሞተር ሲያድስ ያንን ፊት አስልጎት ሊሆን ይችላል።

የሚሻለው ማስረጃ መኪናው በምን በምን እንደተሠራ የሚዘረዝረው የፋብሪካው የመገጣጠሚያ ወረቀት ነው፤ አንዳንዴ ነዳጅ ታንኩ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። እሱም ቢሆን በሐሰት ይታተማል።

ሌላው የጂኤም ጉልበተኛ መኪና፣ ፖንቲያክ ጂቲኦ ላይ ነገሩ ይቀላል፦ የ1964 እና የ1965ቱ በሻንሲ ባይለዩም፣ ከ1966 እስከ 1971 ያሉት በ242 ይጀምራሉ።