ክርክር፦ እርሳስ ከኤሌክትሮኒክስ መውጣት ነበረበት?

የአውሮፓ ኅብረት ሮኤችኤስ የተባለውን ሕግ ሥራ ላይ ያዋለው በጁላይ 2006 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በሕጉ እርሳስ (ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት)፣ ሜርኩሪ፣ ካድሚየም፣ ሄክሳቫለንት ክሮሚየምና እሳት እንዳይዛመት የሚጨመሩ ሁለት ዓይነት የብሮሚን ውህዶች በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ ተገደቡ። በ2019 ደግሞ ፕላስቲክ ማለስለሻ የሆኑ አራት ፍታሌቶች ተጨመሩ። ጭቅጭቁ ያልበረደው ግን በእርሳሱ ላይ ነው። አንድ የማምረቻ መሐንዲስና አንዲት የአካባቢ ጤና ባለሙያ ተፋጠውበታል።

መሐንዲሱ፦ ሜርኩሪው ይውጣ፣ አልከራከርም። እርሳስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። 63 በመቶ ቲንና 37 በመቶ እርሳስ ያለበት የድሮው ሶልደር (ክፍሎችን ከቦርዱ ጋር የሚያያይዘው ቀላጭ ብረት) በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። በምትኩ የመጣው የቲን፣ የብርና የመዳብ ድብልቅ 217 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ፋብሪካ ውስጥ ግን ምድጃው በዚያ ሙቀት ቀን ከሌት ይሠራል፤ ቦርዱም ቺፑም ፕላስቲኩም ሊችሉት ይገባል። ብሩስ? እሱም ከማዕድን ተቆፍሮ ነው የሚመጣው።

ሌላው ዊስከር ነው። ንጹሕ ቲን ውሎ ሲያድር ከላዩ ላይ ከፀጉር የቀጠነ የብረት ክር ያበቅላል። ክሩ ጎረቤቱን መስመር ከነካ፣ ሾርት ነው። በ1998 ጋላክሲ 4 የምትባል የመገናኛ ሳተላይት ከሥራ ወጥታ የአሜሪካ ፔጀሮች (አጭር መልእክት መቀበያዎች) አብዛኞቹ ጸጥ ሲሉ፣ ምክንያት ተብሎ የተጠቀሰው ይኸው ክር ነበር። ትንሽ እርሳስ ጣል ቢደረግበት ችግሩ በአብዛኛው ይገታል።

ደግሞ የመኪና ባትሪ በኪሎ የሚቆጠር እርሳስ ተሸክሞ በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል። ጥቂት ግራም ያለበት ሬዲዮ ግን ይታገዳል። ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

የጤና ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ሳተላይቷ ከሥራ የወጣችው ሕጉ ሥራ ላይ ከመዋሉ ስምንት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ንጹሕ ቲን እንዲጠቀም ማንም ያስገደደው አምራች አልነበረም። ደግሞም ወደ ኅዋ የሚላኩና ወታደራዊ መሣሪያዎች እስከ ዛሬም ከሕጉ ውጭ ናቸው። ምሳሌዎ ጥሩ ነው፤ ቦታውን ግን ስቷል።

ባትሪውን ልመልስልዎ። ባትሪ ትልቅ ነው፣ ሲያረጅም ገዢ አለው፤ ስለዚህ ይሰበሰባል። በየጓሮው ሲቀልጥ ሕፃናትን እንደሚመርዝ አልክድም፤ እሱም የራሱ ሕግ ይገባዋል። የቦርድ እርሳስ ግን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዕቃዎች ላይ በጠብታ በጠብታ ተበትኗል። ማን ለቅሞ ያወጣዋል? በቻይናዋ ጉዪዩ፣ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ይፈታባት በነበረችው ከተማ፣ ቦርዱን ከሰል ላይ አሙቀው ቺፑን የሚነቅሉ ሰዎች ነበሩ። በዚያ አካባቢ ሕፃናት ደም ውስጥ ከፍ ያለ እርሳስ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደግሞ ጉዳት የማያደርስ ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ መጠን የለም።

ዕቃው ፋብሪካ ውስጥ እያለ መርዙ ማን እጅ እንዳለ ይታወቃል። ከተሸጠ በኋላ አድራሻው ይጠፋል። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ መርዙን መያዝ የሚቻለው ዕቃው ሲመረት ነው።

አምራቾችስ ሳይገደዱ ያውቁ ነበር? በ2001 የኔዘርላንድስ ባለሥልጣናት 1.3 ሚሊዮን ገደማ የሶኒ ፕሌይስቴሽኖችን ያዙ፤ ገመዳቸው ውስጥ ከአገሪቱ ገደብ ያለፈ ካድሚየም ነበረ። ሶኒን የሚያህል ድርጅት ከአቅራቢዎቹ ምን እየገዛ እንደሆነ የመረመረው ከዚያ በኋላ ነው።

መሐንዲሱ፦ ሶኒ ገንዘብ አለው። አነስተኛ አምራች ግን ለእያንዳንዱ ብሎን ማረጋገጫ ወረቀት ማሳደድ አለበት። ገደቡ የሚለካው በዕቃው ጠቅላላ ክብደት አይደለም። በየአንዳንዱ ወጥ ቁስ ነው፦ 0.1 በመቶ፣ ለካድሚየም 0.01። የገመድ ሽፋን ለብቻ፣ ሶልደሩ ለብቻ።

የሠራተኛ ጤና ከተባለም፣ በመበየጃ ሙቀት እርሳስ እምብዛም አይተንም። ሳንባ የሚጎዳው የፍለክሱ (ሲበየድ የሚጨመረው ማጽጃ) ጭስ ነው። ሕጉ ስለ እሱ ትንፍሽ አይልም።

ይህንንም ይስሙኝ፦ 37 በመቶ እርሳስ ያለው ሶልደር ተከልክሎ፣ ከ85 በመቶ በላይ ያለው ለዓመታት ልዩ ፈቃድ አግኝቶ ኖሯል!

(እዚህ ላይ አንባቢ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።)

የጤና ባለሙያዋ፦ የፍለክሱን ተቀብያለሁ። የ85 በመቶው ግን ፌዝ አይደለም። እሱ ከፍተኛ ሙቀት ለሚችሉ መገጣጠሚያዎች ነው፤ ምትክ ስላልተገኘለት ተፈቀደ። ለስልክና ለቴሌቪዥን ቦርድ ግን ምትክ ተገኝቷል፤ ይኸው ከ2006 ወዲህ እየሠራ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ የፈቃዱ አሠራር ነው። ለአብዛኛው ዕቃ አንድ ፈቃድ ቢበዛ አምስት ዓመት ነው የሚሰጠው። አምራቹ ከማብቂያው 18 ወር በፊት ማራዘሚያ ካመለከተ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን (የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል) እስኪወስን ድረስ አሮጌው ይቀጥላል። ውሳኔው ሲጓተት ማመልከቻው ራሱ ፈቃድ ሆነ ማለት ነው። ለኮሚሽኑም ቀነ ገደብ ይቀመጥለት።

መሐንዲሱ፦ ይቀመጥ። በእኛም በኩል ዓመታት ሙሉ መልስ እየጠበቁ ዲዛይን መሥራት ስቃይ ነው። ለሕክምና መሣሪያ ግን ምትኩ በሥራ ላይ ተፈትኖ ሳይታይ ፈቃዱ እንዳይነሳ እጠይቃለሁ።

የጤና ባለሙያዋ፦ የፈተናው ውጤት ለሕዝብ ይፋ እስከሆነ ድረስ።