ኧረ በአላህ፣ ተረከዝ ያመመው ሁሉ ሪህ የለበትም!

ደሴም ሂዱ ወልዲያ፣ «ተረከዜን» ላለ ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተው፣ መርፌ ተወጋ።» ሥጋው ምን አጠፋ? ሪህ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በአውራ ጣት መገጣጠሚያ ነው፤ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያቃጥላል። ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዋን እርምጃ እንደ ሚስማር የሚወጋ፣ ጥቂት ሲራመዱ የሚለዝብ፣ በረካው ተጠጥቶ ሲነሱ ደግሞ የሚመለስ ሕመም ግን ሌላ ነው። ከተረከዝ አጥንት እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው የውስጥ እግር ጅማት ተጎድቶ ነው፤ ሐኪሞች ፕላንታር ፋሺያይተስ ይሉታል። ተረከዙን ከሥር፣ ወደ ውስጥ በኩል በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ እዚያችው ላይ ያማል።

ቀኑን ሙሉ ሊሾ ላይ በባዶ እግር ወይም በስስ ነጠላ ጫማ ቆሞ መዋል፣ ክብደት መጨመር፣ የደሴ ዳገት የሚወጥረው ባት፣ ሁሉም ይህን ጅማት ይጎትቱታል። ታዲያ የዳይክሎፌናክ መርፌ መደጋገም ምን ይፈይዳል? ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሳል፤ ሲደጋገም ግን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ራጅ ላይ «አጥንት በቅሏል» ሲባልም አትደንግጡ፤ እሱ እያላቸው ምንም የማያማቸው ብዙ ናቸው።

መድኃኒቱ ነፃ ነው፣ የሚሠራው ግን የለም! ያመመውን እግር ሌላው ጭን ላይ አድርጉና ጣቶቹን ወደ ቅልጥም ሳቡ፤ ውስጥ እግሩ ሲወጠር 10 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ። የጠዋቱ መሬት ሳይረገጥ መሠራት አለበት! ሰው መጸዳጃ ቤት ደርሶ ተመልሶ ይሠራና «አልሠራልኝም» ይላል። ቀጥሎ ግድግዳ ተደግፎ፣ ያመመውን እግር ወደ ኋላ፣ ጉልበቱን ቀጥ፤ 30 ሰከንድ፣ 3 ጊዜ። ተረከዙ ከመሬት ከተነሳ ባቱ አልተሳበም። ማታ በረዶ የሆነ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በእግር ማንከባለል። ቤት ውስጥም ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ይደረግ። ወጌሻ ጋ አጥብቆ ማሳሸቱ ይቅር፣ የተጎዳውን ያብሰዋል።

አብሽሩ፣ አብዛኛው ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል፤ ግን ወራት ይፈጃል። በሁለት ሳምንት አትተዉት! ተረከዙ ካበጠና ከቀላ፣ ትኩሳት ካለ፣ እግር ከደነዘዘ፣ ከመውደቅ በኋላ ከጀመረ ወይም ተኝተውም ከጠዘጠዘ ግን ሐኪም ይየው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ገና ሲጀምረው ይታይ።